መስኮት ያልነበረው ታች ቤት

የባሌ አጎት መተማ ዮሐንስ ላይ የሠሩት ቤት ከመንገዱ ሲያዩት እንደማንኛውም ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከጀርባው ግን መሬቱ ወደ ወንዙ ስለሚያዘቀዝቅ ከሳሎናችን ሥር በደረጃ የሚወረድበት አንድ ሰፊ ክፍል አለ። ሦስቱ ግድግዳዎቹ አፈር ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ አራተኛው ድፍን የድንጋይ ግንብ ሆኖ ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶም ወደ ሱዳኗ ጋላባት አዙሯል። መስኮት ግን አልነበረውም። አጎትየው ነጋዴ ነበሩ። ሳሙናና ስኳር ያከማቹበት ስለነበር ሌባ ፈርተው አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተዉለትም። ቤቱ ለእኛ ሲደርሰን "ታች ቤት" አልነውና አሮጌ ጎማ፣ የተቀደደ ሸራና የተሰበረ ማረሻ ወረወርንበት። ባሌ ሰሊጥ አምራች ነው፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። እሱ የተሰበረ ብረት መጣል አይሆንለትም፣ እኔ ደግሞ እሱን መናገር።

ክፍሉ ለሰው እንደሚሆን መጀመሪያ ያወቁት አማቴ ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ዳባት ያለውን ቤታቸውን ዘግተው እኛ ዘንድ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደጋ ብርድ የኖሩ ሴት መጋቢት ላይ መተማ ገቡ። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ ማራገቢያው መብራት ካለ የጋለውን አየር ከጣሪያ አምጥቶ ሰው ላይ ይደፋል፣ መብራት ከሌለ ዝም ይላል። አማቴ ነጠላቸውን ውሃ እየነከሩ ይለብሱ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጠፉብን። ግቢውንና ጎረቤቱን ፈልገን ስናበቃ ታች ቤት ደረጃ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎማ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው።

"እማዬ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራሉ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚህ እኮ ዳባት ነው" አሉኝ።

የዚያን ዕለት ባሌና እኔ ታች ቤቱን ለእሳቸው መኖሪያ እንድናደርገው ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ምንም ስህተት አልነበረም። ከዚያ ባሌ ለታናሽ ወንድሙ ደወለ።

ዋርሳዬ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኖ "ኢንቴሪየር ዲዛይነር" ሆኖ ነበር። መተማ ሲመጣ ነጭ ጫማ ነው ያደረገው። ታች ቤት ወርዶ መሀሉ ላይ ቆመና ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚመለስ ለመስማት ነው አለን። ግድግዳውን አልነካም፣ ወለሉን አላየም፣ ውሃ በየት እንደሚያልፍ አልጠየቀም። ካጨበጨበ በኋላ "ቤዝመንቱ ፖቴንሻል አለው" ብሎ ፈረደ።

"ምን አለው አለ?" ሲሉ አማቴ ጠየቁኝ።

"ተስፋ አለው ማለቱ ነው፣ እማዬ።"

"እሰይ። ለማን?"

ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ሐሳብ የሚላቸውን ሥዕሎች አሳየን። ሁሉም የሰው አገር ቤቶች ናቸው። ባለ መስታወት ደረጃ አለ፣ ባለ ሲኒማ አለ፣ መጠጥ የሚደረደርበት ባንኮኒ አለ፣ አንዱ ላይ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። አሮጊት የተኛችበት አንድም ሥዕል አልነበረም። ባሌ በሕይወቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ያለ ሲኒማ ስንት ዓመት እንደተበደለ የገባው ሰው መሰለ። "ከጎንደር ለሚመጡት ሰዎች እኮ ማረፊያ ይሆናል" አለ። ከጎንደር የሚመጡት ሰዎች እንደሱ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ናቸው። እናቱ የሚያርፉበት ክፍል በአንድ ከሰዓት ውስጥ የእንግዳ ክፍል ሆነ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሥዕል እያየሁ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አርባ አምስት ተማሪ ዝም የማሰኝ ሴት ነኝ።

ግንበኛ እንዲሆኑ ሰፈር ውስጥ ያሉ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ተጠሩ። ጦርነቱ ከገዳሪፍ አፈናቅሏቸው የመጡ፣ በማዶ በኩል ዕድሜ ልክ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም "አሚ" እንላቸዋለን፤ በእነሱ አረብኛ አጎቴ ማለት ነው። አሚ ታች ቤት ወርደው አላጨበጨቡም። በመንገዱ በኩል አፈር ውስጥ የተቀበረውን የጀርባ ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ከልስኑ ላይ ትንሽ ፍቀው በጣታቸው አሹት፣ ወጥተው ቤቱን በሩቅ ዞሩት። ሲመለሱ በሚችሉት አማርኛ ተናገሩ።

"ይሄ ጢን፣ አፈሩ፣ ጥቁር ነው። ክረምት ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ግድግዳ ይገፋል። በጋ ይሰነጠቃል፣ ይሸሻል። መጀመሪያ ከኋላ መቆፈር፣ ድንጋይና ጠጠር መሙላት፣ ውሃውን ወደ ወንዝ መውሰድ። በወንዝ በኩል በርና መስኮት መክፈት። ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ሌላ ሌላው።"

"መስኮት የለም" አለ ዋርሳዬ። "መስኮት ከከፈትን የሚታየው ምንድነው? ወንዝ፣ አህያና ቆርቆሮ። ኮንሰፕቱን ይገድለዋል።"

አሚ ኮንሰፕት ማን እንደሆነ ባሌን በዓይናቸው ጠየቁ። ባሌ ወደ መሬት አየ።

"አሚ፣ እርስዎ የለመዱት የድሮ ቤት ነው" አለ ዋርሳዬ። "ይሄ ዘመናዊ ነው። ጂፕሰም እናለብሰዋለን፣ ግድግዳው አይታይም።"

"ውሃ ግን ያየዋል" አሉ አሚ። ቱንቢያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ አማቴን እጅ ነስተው ወጡ።

ሥራው አንድ ወር ተኩል ፈጀ። ተዘግቶ የነበረው የጎንደር መንገድ በተከፈተበት ሳምንት ጂፕሰምና ሴራሚክ ተጭኖ መጣ። ኮርኒሱ ሦስት እርከን ሆኖ በየእርከኑ ሰማያዊ መብራት ገባበት። ወለሉ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ነጭ ሴራሚክ ለበሰ፤ ጉልበታቸው ለማይታዘዝ ሴት የተመረጠ ወለል ነው እንግዲህ። ጥቁር የቆዳ ሶፋ ገባ፤ በዚያ አገር ሙቀት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲነሳ ቆዳው አብሮት የሚነሳ ዓይነት። በወንዙ በኩል ባለው ግንብ ላይ ደግሞ የመስኮት ፍሬም ተሠራና ከጀርባው መብራት ያለው ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ አንዲት ጀልባ። እውነተኛው ወንዝ ከዚያ ሥዕል ኋላ አንድ ክንድ ከማይሞላ ግንብ ማዶ ይፈስሳል።

አማቴ ሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ።

"ይሄ የት አገር ነው?"

"ስዊዘርላንድ ነው፣ እማዬ" አላቸው ዋርሳዬ በኩራት።

"ዘመድ አለን እዚያ?"

አልጋቸው ከክፍሉ ጋር አይሄድም ተባለ። "ለጊዜው" ብሎ ባሌ አልጋውን በረንዳ ላይ አደረገላቸው። እናቱን በረንዳ ላይ አስተኝቶ ለእንግዳ ሐይቅ የሠራ ሰው ሚስት መሆን ምን እንደሚመስል ለጎረቤት መንገር አልቻልኩም። እሳቸው አልከሰሱም። ቀን ቀን ሰው ሳይኖር ወርደው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንዳያቆሽሹት ነጠላ አንጥፈው፣ ትንሽ ይቀመጡ ነበር። በልጃቸው ቤት እንደ ባለ ጉዳይ።

ምረቃው እሑድ ምሳ ላይ ሆነ። ባለሀብቶቹ መጡ። ደረጃውን ሲወርዱ "ኦ" እያሉ ነበር የሚወርዱት። አንዱ ኮርኒሱን ቀና ብሎ እያየ "ልክ ዱባይ ነው" አለ፤ ሌላው ዱባይ ሄዶ ስለማያውቅ ይበልጥ አጥብቆ ተስማማ። ዋርሳዬ በነጭ ጫማው መሀላቸው ቆሞ ስለ ኮንሰፕቱ ሲያስረዳ መብራት ጠፋ። ስዊዘርላንድም ዱባይም አንድ ላይ ጠፉ። ጨለማው የጉድጓድ ጨለማ ነበር፤ ሰው ሥጋውን በቃሪያ የያዘበትን ሳህን ማየት አልቻለም። በስልክ መብራት እያበሩ በሉ። መስኮት የሌለው ክፍል ስለሆነ አየሩም ቶሎ ከበደ፣ ሽታው የወጥና የላብ ሆነ። ቢሆንም ማንም ለመውጣት የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም። ተራ በተራ "ስልክ ልደውል" እያሉ ወጡና በረንዳው ላይ፣ አማቴ አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ። እሳቸው ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። ባለሀብቶቹም ተቀመጡ።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መጣ። የቆላ ዝናብ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ ሳያበቃ ነው የሚጥለው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሲያባራ ጭቃ ለጭቃ ቤት ስደርስ አማቴ በረንዳው ላይ አልነበሩም። ደረጃው ጫፍ ሄጄ ስጣራ ከታች "አለሁ፣ ቀስ በይ፣ ያዳልጣል" አሉኝ።

መብራት የለም። በስልኬ ሳበራ ውሃው የሶፋውን እግር ውጦታል። የጀርባው ግድግዳ በሰያፍ ተሰንጥቆ ጥቁር ጭቃ ይተፋል። ሦስት እርከን የነበረው ኮርኒስ ግማሹ እንደ ራሰ ዳቦ ወርዶ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። አማቴ አራተኛው ደረጃ ላይ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል፣ አንድ ጉልበታቸው ይደማል። ውሃው ሲገባ ሴራሚኩ ላይ ወድቀው ነበር፤ በእጅና በጉልበታቸው ድኸው ነው ደረጃው የደረሱት።

ደግፌ ሳወጣቸው "ተራራው ወረደ" አሉኝ። ዞሬ አየሁ። ሥዕሉ ከግንቡ ተላቅቆ ውሃው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

ባሌ መጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ለወንድሙ ደወለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ዋርሳዬ ጎንደር ነበር።

"ጂፕሰሙ ነው እኮ" አለ። "እርጥበት የሚችለውን ግዛ ብዬህ ነበር።"

"እናታችን ወድቃ ነበር" አለ ባሌ።

"ሶፋውስ?" አለ ዋርሳዬ።

ባሌ ስልኩን ዘጋው። ከተጋባን ጀምሮ ወንድሙ ላይ ስልክ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እናቱ እግር አጠገብ ተቀምጦ ጉልበታቸውን በሞቀ ውሃ አጠበ፤ እሳቸው ፀጉሩን ዳሰሱት። ላዝንለት ይገባኝ ነበር። አላዘንኩለትም። በራሴ ላይ የነበረኝ ንዴት ለእሱ የሚተርፍ ኀዘን አላስቀረልኝም።

በማግስቱ አሚ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከሸራ ቤታቸው ፊት ለፊት አንገሬብ በሚባል በገመድ የተጠለፈ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ንግግር ስጀምር አቋረጡኝ።

"ሀጃ ደህና ናት?" አሉ። አማቴን ነው።

"ጉልበታቸውን ነው እንጂ ደህና ናቸው።"

"እሺ። አሁን አይሠራም። ጢኑ ይድረቅ። ጥቅምት እመጣለሁ።"

ጥቅምት ላይ መጡ። ከጀርባው ግድግዳ ጥግ ጥቁሩን አፈር አስቆፍረው አስወጡና በድንጋይና በጠጠር ሞሉት፣ ከሥሩ ውሃው ቤቱን ዞሮ ወደ ወንዙ የሚወርድበት ቦይ አበጁ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ አፍርሰው እንደገና ካቡት። በወንዙ በኩል ግንቡን ከፍተው አንድ በርና ሁለት መስኮት አወጡ። መሬቱ በዚያ በኩል ዝቅ ያለ ስለሆነ አማቴ ደረጃ ሳይነኩ ከግቢው ቀጥ ብለው ይገባሉ። ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ሆነ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ጥግ ላይ የድንጋይ መደብ ተሠራ። ይሄ ነው ሁሉም። በቀጣዩ ክረምት አንድ ጥግ ላይ ትንሽ እርጥበት ታየ፤ አሚ መጥተው ቦዩን አጠለቁት፣ አልተመለሰም።

አማቴ ሁለት በጋ እዚያ ኖረዋል። እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ ሴቶች እሳቸው ዘንድ ይወርዳሉ፣ እኔም ደብተር የማርመው እዚያ ነው። ባሌ ከጎንደር ሰው በመጣ ቁጥር ይዞት ይወርድና "ሐሳቡ የኔ ነው፣ ለእናቴ ብዬ" ይላል። ሴቶቹ እኔን ያዩኛል፣ እኔ ደብተሬን አያለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ዋርሳዬ መጣ። ሙቀቱን ሸሽቶ ታች ቤት ገባ፣ መደቡ ላይ ጋደም አለና ሦስት ሰዓት ሙሉ አፉን ከፍቶ ተኛ። ሲነቃ ዓይኑን እያሸ ግድግዳውን ቃኘው።

"ጥሩ ነው" አለ። "ብቻ ትንሽ ከለር ይጎድለዋል።"

አማቴ በሩ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። "ተነሥ ልጄ፣ መኝታዬ ነው" አሉት።