እምቢ ያለችው ልጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ግን እዚህ ውጭ አገር፣ ኦቤትስ በምትባል ከተማ፣ ዌርሃውስ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ብሬክ ላይ አዲስ የህንድ ፊልም አሳየችኝ። ወንዱ ሴቷን በጥፊ መታት፤ ቀጥሎ ተቃቅፈው ዘፈኑ። አገር ቤት የታሰርኩበት እስር ቤት ትዝ አለኝ።

የገባሁ ዕለት ክፍሉ በረኪናና ላብ ይሸት ነበር። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ፖሊሶች የያዙኝ ወንድሜን ፈልገው ስላጡት ነው። ካሜራ ፊት ቀርቤ፣ “ወንድሜ ቤት ውስጥ መሣሪያ ይደብቅ ነበር” እንድል ፈለጉ። አልደበቀም።

በክፍሉ ደንብ አዲስ የገባች ሴት ከሰዓት በኋላ አንድ ፊልም ትተርካለች። እኔ ሰው ፊት ማውራት አፍራለሁ። ግድግዳውን እያየሁ አንድ የህንድ ፊልም ጀመርኩ። ወንዱ ልጅቷን ይከተላታል። እምቢ ትለዋለች። መንገድ ዘግቶ እጇን ይጠመዝዛታል። በመጨረሻ ታገባዋለች።

ካቦዋ፣ የክፍሉ ኃላፊ ማለት ነው፣ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ።

“ምኑን ወድዳለት ነው?” አሉኝ።

“ፊልም ነው፣ እትዬ።”

“እጇን ስለጠመዘዛት?”

“ህንዶቹ ሁሌ እንዲህ ናቸው” አለች አንዷ። “እኔን ቢሆን በዘነዘና ነበር የምለው።”

ሳቁ። ካቦዋ ግን አልሳቁም። “ነገ መጨረሻውን አስተካክለሽ ትመጫለሽ” አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ድራማ ነው። ካሜራውን አስተካከለ።

“አልናገርም” አልኩ፣ ድምፄ እምብዛም ሳይሰማ።

ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተ ሳቀ። “ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው። አታዪም እንዴ?”

 ከሰዓት በኋላ የምተርከው መጨረሻ ያኔ መጣልኝ። ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁት።

“ወንድሜ መሣሪያ አልደበቀም። እምቢ ስል እምቢ ማለቴ ነው።”

ካሜራውን አጥፍቶ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

ያን ቀን ፊልሙን ቆሜ፣ ፊታቸውን እያየሁ ተረክሁት። ልጅቷ እጇን መንጭቃ ቤቷ ገባች። ወንዱ ዘፈኑን ብቻውን ዘፈነ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጠባቂዋ በሩን ደበደበች።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ሠርግ ቀርቶ ነው” አሏት ካቦዋ።

ወንድሜ ዛሬ እዚሁ ኦቤትስ አቅራቢያ፣ ሬይኖልድስበርግ ከእኔ ጋር ይኖራል። ለሥራ ጓደኛዬም ያን እስር ቤት የተረክሁትን ፊልም በእኔ መጨረሻ ተረክሁላት፤ ብሬካችን እስኪያልፍ ሳቀች። ካቦዋን ዳግም አላገኘኋቸውም። የተፈታሁ ዕለት በሩ ላይ ሻሼን እያስተካከሉልኝ እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ ሌላ ቦታ ስትተርኪውም እንዳትድሪያት።”