በሰው አባት ስም

ለይላ በሺር ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ፣ በተዘጋ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ማደር ከጀመረች ክረምቱ አልፎ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጠባ። አባቷ ድርቁ ሲበረታ ቢስቲማ ላይ ሞተ። ከእናቷ ከመዲና ጋር ተሰደው ኮምቦልቻ መጠለያ ገቡ። አንድ ጠዋት ለይላ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እናቷ አልነበረችም፤ ለሰፈራ ሰው የሚጭነው መኪና ወስዷታል። ወለጋ ነው አሉ። ኢሉባቦር ነው ያሉም ነበሩ።

መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ዘይቱና አንዳንዴ ጭብጥ ታደርግላታለች። ለይላ ግን ቆሎውን ረስታ የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ታነባለች።

«ነይ፣ ቆሎውን ለኔ መልሺና ወረቀቱን ብዪ!» ትላታለች ዘይቱና እየሳቀች።

ምዝገባ ሲጀመር ለይላ ፊቷን ታጥባ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር እንየው አስነበባትና ደስ አለው። ቀጥሎ «ቤትሽ የት ነው?» አላት።

«መናኸሪያ።»

«መናኸሪያ ቤት ነው እንዴ? የቤት ቁጥር ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣሽ ልመዘግብሽ አልችልም፣ እህቴ።»

ዘይቱና ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፋች። «የኔ ልጅ ናት እላቸዋለሁ። ሐርቡ ከተማ፣ አያቷ ዘንድ ያደገች።»

«አባቴስ?»

«ሟቹ ባሌ አብዱልወሀብ ነዋ! አላህ ይዘንለትና ልጅ እንዳማረው ሞተ፤ ምን ይከፋዋል?»

ለይላ አንገቷን ደፋች። «እናቴ ስትመጣ የበሺር ልጅ ብላ ነው የምትጠይቀው። እንዲህ የምትባል የለችም ይሏታል።»

ለይላ ያን ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ድርሽ አላለችም። ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው በፊቷ ሲያልፉ ግን ዓይኗ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይከተላቸዋል። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ተነሥታ ዘይቱናን «እንሂድ» አለቻት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ብሩ ቀና ብሎ አያቸው። «እትዬ ዘይቱና፣ መቼ ወለዱ? እኛ አላየን!»

«ስወልድ አንተን ልጥራህ ኖሯል?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ደብዳቤው ተጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለይላ ከዘይቱና ጋር ማደር ጀመረች።

መምህር እንየው ስም ሲጠራ «ለይላ አብዱልወሀብ!» አለ። ደግሞ ጠራ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሸሪፋ በክርኗ ጎሸመቻት። «አንቺ አይደለሽም እንዴ? አቤት በይ!»

«አቤት» አለች ለይላ፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው እየመሰላት።

በገበያ ቀን ከቢስቲማ የመጡ ሰዎች ሲመለሱ መናኸሪያ ጠብቃ አገኘቻቸው። አንድ ሽማግሌ አወቋት።

«ያ ረቢ! የበሺር ልጅ! አለሽ?»

«አለሁ፣ አባባ። እናቴ ተመልሳ ይሆን?»

«አልተመለሰችም፣ ልጄ።»

«ከተመለሰች ይንገሩልኝ። ኮምቦልቻ ትማራለች ይበሏት። ትምህርት ቤት ስትጠይቅ ግን የበሺር ልጅ እንዳትል። ለይላ አብዱልወሀብ ብላ ትጠይቅ።»

«የቱ አብዱልወሀብ? አባትሽን እኮ በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት!»

«አውቃለሁ። እሷ ግን እንዲያ ትበል።»

ሽማግሌው «አብሽሪ፣ እነግራታለሁ» አሉና ስሙ እንዳይጠፋቸው በለሆሳስ እየደጋገሙ መኪናው ላይ ወጡ።

በሌላውም የገበያ ቀን፣ ከዚያ በኋላም መናኸሪያ እየሄደች ለሌሎች ይህንኑ ነገረች። ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። በግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ዘበኛውን ስታነጋግር ካየች የምትጽፈው ይጠፋባታል፤ ሴትዮዋ የማንን ስም እንደምትጠራ ለመስማት እስክሪብቶዋን አንሥታ ትጠብቃለች።