በፊልሙ የተመለሰው ልጅ

በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ስንኖር የታላቅ እህቴ ልጅ ሰሜን ዘምቶ ሞተ ተባለ። እሷ ግን "ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም" ብላ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። በዚያ ክረምት ወደ አማርኛ የተተረጎመ አንድ ልቦለድ አነበብኩላት። ታሪኩ ባሕር ላይ የጠፋ ልጇን ስትጠብቅ ስላረጀች እናት ነው። ልጁ ሞቷል፤ አይመለስም።

ከወራት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ከዚያው ልቦለድ የተሠራ የካርቱን ፊልም ሊታይ ነው ሲባል አብረን ሄድን። መጨረሻው ላይ መርከቧ መጣች፤ ልጁ ወርዶ እናቱን አቀፋት። አዳራሹን የሞሉት ሕፃናት አጨበጨቡ።

"መጽሐፉ ላይ ሞቶ አልነበር?" አለችኝ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

"ሞቶ ነበር። ለልጆች እንዳይከብድ ብለው ነው የለወጡት።"

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃውን እየረገጠች፣ "እኔም ለራሴ እንዲህ መጨረሻውን እየለወጥኩ ነው የከረምኩት" አለች።

በማግስቱ ጅማ አጠገብ ደዶ ያሉትን ዘመዶቻችንን አስጠራች። ጥቁር ለበሰች፤ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶዋ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ይሰማ ነበር።