ግሬይሀውንዴ በልጄ ባል ግቢ

እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መርሳ ውስጥ ሰው ሁሉ ውሻዬን «የራበው» ሲለው፣ ዘሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ግሬይሀውንድ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ አፉ ሹል፣ እግሩ ረጅም። የጎድን አጥንቱ መታየቱም ከዘሩ ነው እንጂ ከእኔ ቤት ምሳ አይደለም።

ጦርነቱ ሲደርስብን ግራና ከተማ አጠገብ ወዳለው የልጄ ቤት በእግር ሸሸን፤ ውሻው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የልጄ ባል ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ገበሬ ነው። አማቱን እንቢ ማለት አፍሮ በሩ ላይ መሬት መሬት እያየ፣

«አባባ፣ ውሻ ለአደን ወይም ለከብት ጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል። ለጌጥ ከሆነ ግን የአላህ መላኢካ ከቤቴ ይርቃል። የአንቱ ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለአደን ነዋ!» አልኩት። የነገሥታት አዳኝ እንደነበረ፣ አሜሪካ ውስጥ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በስሙ እንደሚጠራ፣ ፈጣን መርከብም እንዲሁ ይባል እንደነበር አስረዳሁት።

«ወላሂ፣ አውቶቡስ ከሆነማ ልጆቹን ጭኖ ደሴ ያድርስልን!»

ልጄ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

እስከ ጁምዓ ካላደነ እንዲባረር ተስማማን። ውሻዬን ወስጄ ሚዳቋ አሳየሁት። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማሳ ላይ ማሽላ እንደሚመረምር ባለሙያ ትክ ብሎ አያትና ተኛ።

ጁምዓ ጠዋት ታጣቂዎች መጡ። በሬዎቹን ይዘን ቁጥቋጦ የሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ተደበቅን፤ በሬዎቹ ከተነዱ ልጄና ባሏ የሚያርሱበት አልነበራቸውም። ማዶ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ታጣቂዎቹ ድምፁን ተከትለው ሄደው የጎረቤቱን ላሞች ነዱ። ከዚያ በእኛ አናት ባለው መንገድ መጡ። የልጄ ባል፣ ውሻ ሲልሰው በአፈርና በውሃ መታጠብ እንዳለበት እንኳ ረስቶ፣ የውሻዬን አፍ በሁለት እጁ ያዘ። ውሻዬ አዛጋ፤ አፉንም የልጄ ባል ጉልበት ላይ አሳረፈ። ሰዎቹ አለፉ።

«አባባ፣ ይህ ውሻ አያድንም፤ አይጮህም» አለ እጁን በአፈር እያሸ። «ከብት ግን ጠብቋል። ይኑር።»

«ዝምታ የዘሩ ጠባይ ነው። ያኔ በሩ ላይ ልነግርህ ስል አቋረጥከኝ!»

ጊዜው ረግቦ ወደ መርሳ ስመለስ ጠራሁት። ከበሬዎቹ አጠገብ ተጋድሞ በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ አልተነሳም። አሁን ወፍሯል ይላሉ፤ ጎኑ ሞልቶ ወገቡ ጠፍቷል አሉ። ስለ ዘር ምንም የማያውቅ ሰው የሚያወራውን እኔ አላምንም።