ጋራዥ አልሄድም ያልኩ ቀን

እኔ ጋራዥ አልሄድም ካልኩ አልሄድም። የፒክአፔ የኋላ አክስል ሲሰበር፣ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የመጣ ያገለገለ ገዝቼ ጅግጅጋ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥመው ተነሳሁ። የሀርሺንን መንገድ እንዲችል ጠንከር ያለ ባሌስትራም ጨመርኩበት። ለባለቤቴ እናቷን ዛሬ ከዚያ ላመጣላት ቃል ገብቻለሁ።

ችግሩ፣ አክስሉ የተፈታው መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና ስለነበር ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ክብ እብጠት፣ በተቃራኒው ጎን ነው። ጎረቤቴ አብዲ አጥሩን ተደግፎ፣ "አቦ ተው፣ መካኒክ ጥራ!" ይለኛል። እኔ ምን በወጣኝ! አክስሉን የላዩን ወደ ታች ገለበጥኩትና ልክክ አለ። ብሎኖቹን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩ።

"አየህ?" አልኩት አብዲን፣ ሞተሩን አስነስቼ። የግቢው በር ከፊቴ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ፣ መኪናዬ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የማድቤቱን ቆርቆሮ ደረመሰው። ደንግጬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ቀስ ብሎ፣ ወደ ፊት፣ ወደ በሩ ሄደ። ለካ አክስሉን ስገለብጠው የጎማዎቹም አዟዟር ተገልብጧል!

አብዲ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አጥሩ ስር ቁጭ አለ። ባለቤቴ ግን ከቤት ወጥታ የማድቤቱን ፍርስራሽ ዞራ መጣችና፣ ሻሿን አስተካክላ ጋቢና ገባች።

"ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ ተገኝቷል አይደል?" አለች። "ንዳ! እናቴ እየጠበቀች ነው።"