መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ በጎርጎራ ነፋስ

አንዱዓለም ለምን ተቀምጦ አይቀዝፍም ነበር? ይህን ጎርጎራ ላይ ጀልባ ነጂው ጠይቆታል፤ የአክስቱ ልጅ ጠይቆታል፤ እናቱም ሐይቁን በዓይናቸው ሳያዩ ጠይቀውታል። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ሁለት ዓመት ስኖር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ገና ድሮ ያልቅ ነበር። መልሱን አላገኘሁትም። የማውቀው የሆነውን ብቻ ነው።

አንዱዓለም ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፤ ከእናቱ ከእማማ የትነበርሽ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ይኖራል። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ክብደቱ መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ። ቁጥሩን የማውቀው እሱ ስለማይደብቀው ነው። ባጃጅ ሲሳፈር «እኔ ሁለት ሰው ነኝ፣ ሌላ አትጠብቅ» ብሎ ቀድሞ ይናገራል። ሹፌሩ የሚቀልደው ነገር እንዳይተርፈው ይመስለኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር አሉ። የጓደኞቹን ወሬ ብቻ ብሰማ አላምንም ነበር፤ ነገር ግን ፎቶ አለ። ቀጭን፣ እግረ ረጅም ልጅ፣ ካልሲው ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ። ከዚያ አንዱ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ቀጥሎ ሌላኛው። በሥራ ቦታው የገዛ ጉልበቶቹን ራጅ አስነስቶ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አሳየኝ።

«እዚህ ጋ ክፍተት መኖር ነበረበት» አለኝ በጣቱ እየጠቆመ። «የለም። አጥንት ከአጥንት ነው። ሐኪሙ መሮጥ የለም አለ፣ ቁልቁለት የለም አለ። ከሃያ ዓመቴ ወዲህ በራሴ አካል ፈጥኜ ሄጄ አላውቅም። ፈጠንኩ ካልኩ ማኪና ላይ ነኝ።»

ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጎርጎራ ወርዶ ነው ነፋሱን ያስተዋለው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና መሀል ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፤ ሞገዱም ተከታትሎ ወደ ምድር ይመጣል። በዚያው ሰሞን በስልኩ አንድ ቪዲዮ አየ። ሰዎች ረጅም ተንሳፋፊ ቦርድ ላይ ቆመው፣ ነፋሱን ለጀርባቸው ሰጥተው፣ መቅዘፊያቸውን ሁለት ሦስቴ ብቻ ነክረው ሞገዱ ላይ ይንሸራተታሉ። አንዳንዱ ለደቂቃ ያህል ምንም አይቀዝፍም። ውሃው ራሱ ይወስደዋል። ቪዲዮውን ለእኔ ሲያሳየኝ ስልኩን ከእጁ አልለቀቀም።

«ጉልበት አይመታም። ሩጫ የለም። ግን እየው፣ እንዴት እንደሚሄድ!»

የሚሸከመውን ቦርድ ፍለጋ የጀመረው ያኔ ነው፤ የኑሮው ምሬትም አብሮ ጀመረ። መጀመሪያ ጎርጎራ አንድ ማረፊያ ቤት ያለውን፣ በአየር የሚነፋውን ሞከረ። መሀሉ ላይ ሲቆም እንደ አሮጌ አልጋ ሰረጎደ፤ ጫፍና ጫፉ ወደ ሰማይ ተነሣ። ቀጥሎ አዘዞ አንድ አናጢ ዘንድ ሄዶ በኮምፔልሳቶ አሠራ። ያ ደግሞ ለሦስት ሰው ሸክም ሆነና፣ ሐይቁ ላይ በዋለ በሩብ ሰዓቱ ውሃ ጠጥቶ ከበደ። አሁን የግቢያችን ዶሮ ቤት ጣራ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመረ። በስልኩ ያላየው የሽያጭ ገጽ አልነበረም። ርዕሱ «ለከባድ ቀዛፊዎች» ይልና ወረድ ሲል «እስከ ዘጠና አምስት ኪሎ» ይላል። «ዘጠና አምስት ኪሎ ከባድ ነው?» ብሎ ስልኩን ይቆጣዋል። ትክክለኛው ነገር ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እሱን የሚሸከመው ሰፊ ነው፤ ሰፊ ከሆነ እንደ በር ሳንቃ ውሃውን ይገፋል እንጂ ከሞገዱ ጋር እኩል አይፈጥንም። የሚፈጥነው ጠባብ ነው፤ ጠባቡ ደግሞ አይሸከመውም። ረጅም፣ ወፍራም፣ የማይጎብጥ፣ ስፋቱም መካከለኛ የሆነ ነበር የሚፈልገው። እንዲህ ያለውን ለሚሸጡ ሁለት ሱቆች ጻፈ። ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ አንልክም አሉት።

ጌትነት የተባለው የአክስቱ ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ከተማ ሱቅ አለው። እዚያ ይህ ስፖርት እንደ እኛ ኳስ ነው። ጌትነት ለጥምቀት ወደ ጎንደር እንደሚመጣ ሲናገር፣ አንዱዓለም ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ፣ በአየር የሚነፋ፣ ለነፋስ የተሠራ ረጅም ቦርድ እንዲያመጣለት ለመነው። የሚፈልገውን ርዝመት ላከ፤ ገንዘቡንም በሰው በኩል አደረሰ። ከኅዳር እስከ ጥር ግቢው ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁት። እንዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጥር አሥራ አንድ፣ ታቦቱን ሸኝተን ከተመለስን በኋላ ሻንጣው ግቢው መሀል ተፈታ። ጌትነትና እኔ በፓምፕ እየተፈራረቅን ነፋነው። ሲጠነክር ከአጥሩ እስከ ደጃፉ ደረሰ። ሰማያዊ ነው፤ አፍንጫው ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ቀና ያለ። እማማ የትነበርሽ ከበረንዳው ሆነው «ሸጋ ሳንቃ ነው» አሉ። አንዱዓለም ዙሪያውን በእጁ እየዳበሰ ሄዶ ኋላው ላይ ካለችው ጽሑፍ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ስንት ይላል?» አለ ጌትነት ላቡን እየጠረገ።

«ዘጠና አምስት።»

«ታዲያስ! ሰባት ኪሎ ትርፍ አለህ እኮ።»

«ከምን ላይ ነው ሰባት ኪሎ?»

«ከሰማንያ ስምንት።»

«ማነው ሰማንያ ስምንት?»

ጌትነት ቀስ ብሎ ወደ በረንዳው ዞረ። «እታትዬ… ኪሎውን ልጠይቅ ስደውል፣ እሱ ስልኩን ቤት ረስቶ ወጥቶ፣ እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ?»

እማማ የትነበርሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እና ምን ልበል? የልጄን ኪሎ በስልክ ልጥራ? በግ ነው የምሸጠው?»

«እማዬ፣ ለሳንቃው እኮ ነው!»

«ለሳንቃውም ቢሆን። በአየር የሚሄድ ድምፅ ስንት ጆሮ እንደሚያገኘው ታውቃለህ? ደግሞ ከስተሃል።»

«ማነው የከሳው?»

«እኔ እናትህ አይቼሃለሁ።»

እሳቸው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። በእኛ አካባቢ እናት የልጇን ግዝፈት በአፏ አትጠራም። ላም የምታልብም ዓይን ፈርታ «ትንሽ ትንሽ ትሰጠኛለች» ነው የምትለው፣ ቅሉ እየሞላ። መንገድ ላይ አንዱ «ልጅዎ ወፈረ፣ ተመቸው» ሲላቸው «እስቲ እንትፍ በልበት» ሳያሰኙት አይለቁትም። ጌትነትም ይህን ያውቃል፤ እዚሁ አድጎ የለም? የእናትን አፍ በሚዛን ቦታ ማመኑ ነው ስሕተቱ። አሥር ዓመት ውጭ መኖር ይህን ያስረሳል።

ከሁሉ የባሰው ቀጥሎ የተናገረው ነበር። «ባለሱቁ እኮ ጠይቆኛል። የመቶ አርባ ኪሎው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ወፈር ያለ ነው፣ ጨርቁም ድርብ ነው።»

«ዋጋው ይበልጣል?»

«ያው ነው።»

አንዱዓለም መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ጌትነት ቶሎ ብሎ «ስመለስ እቀይረዋለሁ፣ በጊዮርጊስ!» አለ።

«መቼ ነው ደግሞ የምትመጣው?»

«ለከርሞ ጥምቀት።»

«ነፋሱ ዘንድሮ ነው ያለው» አለ አንዱዓለም። ሁለት ሌሊት አልተኛም። በስልኩ የዚያን የመቶ አርባ ኪሎውን ቦርድ ፎቶ ሲያይ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

ጥር አሥራ ሦስት ግን «ሄደን እናየዋለን» አለ። በቆላድባ በኩል ወርደን ጎርጎራ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የሞተር ጀልባ ያለው አያ በላቸው፣ ጎልማሳ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው፣ ሻንጣውን አይቶ ሳቀ።

«ምነው፣ ፍራሽ ይዛችሁ መጣችሁ?»

ነገሩን ስናስረዳው አንዱዓለምን ከላይ እስከ ታች አየው። «ወንድሜ፣ ደንገል ታንኳ አለልህ። ማገዶ ጭኖ፣ ሰው ጭኖ ይሻገራል። እሱ ላይ ቁጭ ብለህ አትቀዝፍም?»

«ቆሜ ነው።»

«ቆመህ? ጉማሬዎቹ ዘመድ መጣ ብለው እንዳይወጡብን ነው እንግዲህ።»

ጌትነት ሊስቅ ብሎ ተወው። አንዱዓለም ግን «ከመጡ አንተን ነው የማሳያቸው፣ አያ በላቸው፤ በእግሬ ማምለጥ አልችልም» አለ። ያን ቀን የቀለደው ይህችን ብቻ ነው።

በስምንት ሰዓት ነፋሱ ተነሣ። በጀልባው ወደ ሐይቁ መሀል አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገባን። ቦርዱን አወረድን። አንዱዓለም ብርቱካናማውን ተንሳፋፊ ሰደርያ አጥብቆ ቦርዱ ላይ ወጣና በጉልበቱ ተንበረከከ። ለጉልበቱ ያ ራሱ ስቃይ ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ቀጥሎ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፤ ቆመ። መሀሉ ወዲያው ሰረጎደና ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሸፈነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ቀዘፈ። ወደቀ።

እንደገና ወጣ። አራት ጊዜ ቀዘፈ። ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝረውም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይኸው ነው። ሲወድቅ ግራ ነው፣ ሲወጣ ቀኝ ነው። በወጣ ቁጥር ቦርዱ ይገለበጥበታል፤ በቆመ ቁጥር ይጎብጥበታል። ጌትነት ከጀልባው ላይ ይጮሃል፦

«ተቀመጥና ቅዘፍ! ሲቀመጡ ይሸከማል! እየው፣ አሁን ቁጭ ስትል እኮ አልሰጠመም!»

እውነቱን ነው። ቁጭ ባለ ጊዜ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። ነፋሱ ብቻውን እየገፋ ዳርቻው ድረስ ያደርሰው ነበር። አንዱዓለም ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይቀመጥና እንደገና ይቆማል።

«ይሄ ሰው በቅሎ ነው» አለ አያ በላቸው፣ ሞተሩን አቀዝቅዞ።

አሥራ ምንኛው ላይ እንደሆነ ጠፍቶብኛል፤ አንድ ትልቅ ሞገድ ከኋላው መጣ። እሱ ወደ ቦርዱ ኋላ አንድ እርምጃ ወሰደ፤ የቦርዱ ስርጉድ የሞገዱን ስርጉድ ሳይገጥም አልቀረም። ሁለት ጊዜ ጠልቆ ቀዘፈና መቅዘፊያውን ከውሃ አወጣ። ቦርዱ ሄደ። በእውነት ሄደ፤ ከጀልባችን ራቀ። ጀርባው ሲጠብ አየሁት። ውሃው ከሁለት ጎን ነጭ ሆኖ ተከፈለ። ጌትነት «እልል!» አለ። ስድስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ከዚያ አፍንጫው ተቀብሮ በአናቱ ተወረወረ።

ስንደርስበት ቦርዱን በሁለት እጁ አቅፎ አገጩን ላዩ ላይ አስደግፎ ነበር።

«ተመታህ እንዴ?»

«አልተመታሁም።»

«ታዲያ ምነው? አየንህ እኮ! በረርህ!»

«ባልበርር ይሻል ነበር» አለ አንዱዓለም። ውሃው ከፊቱ ይንጠባጠባል። «እስከ ዛሬ ምናልባት ለእኔ አይሆንም ይሆናል እያልኩ ነበር የምናደደው። አሁን ይሆናል። ይሆናል እኮ፣ ጌቴ! ወፈር ያለው ቢሆን እዚያ ዳርቻ ድረስ…» አልጨረሰውም።

ሌላ ብዙ ጊዜ ሞከረ። ያ ሞገድ አልተደገመም። መዳፉ ተላጠ፤ ጉልበቱ አብጦ ማጠፍ አቃተው። አያ በላቸው ገመድ ወረወረለት። አልያዘውም። «ወደ ጀልባው ውጣ» አልነው። አልወጣም። ቦርዱን ከፊቱ አድርጎ እየገፋ፣ እግሩን እየመታ መዋኘት ጀመረ። እኛ በቀስታ ከጎኑ ሄድን። ነፋሱ ከኋላ ባይገፋው አይደርስም ነበር።

ዳርቻው ላይ ቆሞ መራመድ ስላቃተው ጌትነትና እኔ ክንድና ክንዱን ይዘን ወደ ተከራየነው የማረፊያ ቤት ክፍል አስገባነው። አልጋው ሲጮህ ሰማሁ። በእርጥብ ልብሱ ጋደም ብሎ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተክሎ ጌትነትን ያዝዝ ጀመር፦

«ጻፍ። ውፍረቱ ከዚህ በሁለት ጣት የበለጠ። ጨርቁ ድርብ። መሀሉ የማይጎብጥ። ስፋቱ…»

«ስፋቱ ስንት?» አለ ጌትነት ስልኩ ላይ እየጻፈ። «ደግሞ፣ አትቆጣኝና፣ ወንበር የሚታሰርበት ዓይነትም አለ። ሲደክምህ ቁጭ…»

አንዱዓለም ራሱን አዙሮ አየው። መልስ የሚሰጥ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ሊናገር ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ዓይኑ ግን ተከደነ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። እጁ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። ጌትነት «ስፋቱን አልነገረኝም» አለ በሹክሹክታ። ውጭ ነፋሱ አልበረደም ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር።