የቆጮው ጉድጓድ

በእኛ አገር በቡሌ፣ ከእንሰት የተፋቀ ቆጮ ጓሮ ተቆፍሮ ይቀበራል፤ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ጎረቤታችን አንድ ክረምት ከእኛ ጉድጓድ ስትሰርቅ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ለእንሰት ፍቂያ ሲጠራሩ እሷን የሚጠራት ጠፋ።

አምና እናቴን ጨቀጨቅኋት። «እሁድ እሁድ ስለ ይቅርታ ስንዘምር እንውላለን፤ ይቺን ሴት አንዴ መሞከር አቃተን?» እናቴም ፊቷን አጨማዳ ጠራቻት።

መጣች። ወገቧን ሳታሳርፍ ስትፍቅ ዋለች። መቅበሩ ላይ ስንደርስ ግን እጇን ታጥባ ወደ አጥሩ ሄደችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች። «ነይ እንጂ!» ብዬ ብጠራት፣

«ተይኝ ልጄ፣ የት እንደምትቀብሩት ባላይ ይሻለኛል» አለችኝ።

ክረምት ገባ። ጉድጓዱን ስንከፍተው የሸፈንንበት የእንሰት ቅጠል እንኳ አልተነካም። ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

«አየሽ እማዬ? አልነካችውም!»

እናቴ ቆጮውን እያወጣች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።

«የት እንዳለ ስላላየች ነዋ!»